የቆሰለ ጎሽ

ጎሽ ሲያዩት በሬ ይመስላል። ነገር ግን በሬ አይደለም። በሬ ይጠመዳል፣ ጎሽን ግን አልምዶ ቀንበር የጫነበት አፍሪካዊ ገበሬ የለም።

አንድ ትልቅ ወንድ ጎሽ ከ600 እስከ 800 ኪሎ ይመዝናል። ይህ የሁለት እርሻ በሬ ክብደት ማለት ነው። ቀንዶቹ ግንባሩ ላይ ተገጣጥመው እንደ ራስ ቁር ይሸፍኑታል። ቆዳው በጣም ወፍራም ነው። አባቶቻችን ጋሻ ይሠሩበት የነበረው ስለዚህ ነው። ጎሽ ሣር ይግጣል፤ በየቀኑም ውሃ ይጠጣል። በመሆኑም ከወንዝ አይርቅም። በአገራችን በኦሞ፣ በማጎ፣ በጋምቤላና በጨበራ ጩርጩራ ይገኛል።

ጎሽ የሚኖረው በመንጋ ነው። አንበሳ ጥጃ ሊነጥቅ ሲመጣ መንጋው ተሰብስቦ ይመክታል። ያረጁ ወንዶች ግን ከመንጋው ተለይተው ይውላሉ። ድንገት ከደረሱባቸው ከመሸሽ ይልቅ መውጋት ይቀናቸዋል።

በድሮ ጊዜ ጎሽ የገደለ ሰው ትልቅ ክብር ነበረው። ቅቤ ይቀባል፤ ይፎክራል፤ እልል ይባልለታል። ስለዚህ አባት ጎልማሳ ልጁን ይዞ ወደ በረሃ ይወርድ ነበር። አደኑ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ለመረዳት እስቲ አንድ አባትና ልጅ እናስብ።

አባት ምንሽር ይዟል። ልጅ የያዘው ውጅግራ ነው። ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። ሁለቱ ገና ሳይነጋ ወንዝ ዳር ኮቴ አገኙ። ጎሽ አፍንጫው ንቁ ስለሆነ ጠረናቸው እንዳይደርሰው ነፋሱን ፊት ለፊት አድርገው ተጠጉ። አንድ ሽማግሌ ጎሽ ቆሞ አዩ። አባት ተኮሰ። የጎሽ ልብ ያለው ዝቅ ብሎ ከፊት እግሩ ሥር ነው። ጥይቱ ግን ወደ ኋላ አለፈና ሆዱን መታው። ጎሹ ዘሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

«አባዬ፣ መትተውታል እኮ! ሳያመልጠን እንከተለው» አለ ልጅ።

«ቆይ ልጄ! የቆሰለ ጎሽ ሸሸ ብለህ አትመን። ዛፍ ላይ ውጣና እይ» አለው አባት።

ልጁ ዛፍ ላይ ወጣ። ሲያይ ጎሹ ሄዶ አልሄደም። ዞሮ ተመልሶ፣ የራሱን ደም ዱካ አጠገብ ቆሞ መንገዱን ይጠብቃል። ዱካውን ብቻ እያዩ ቢገቡ ኖሮ በጎን ይወጣቸው ነበር። ልጁ ደነገጠ፤ ቀስ ብሎ ወርዶ ነገረው። ብዙ ቆዩ። በሌላ በኩል ዞረው ሲቀርቡ ጎሹ አያቸውና ተወረወረ። አባት ተኮሰ፤ ጎሹ አልቆመም። ልጁ ያለችውን አንዲት ጥይት ያዘ እንጂ አልቸኮለም። አሥር እርምጃ ሲቀረው ተኮሰ። ጎሹ እግራቸው ሥር መጥቶ ወደቀ።

አገር እልል አለ። አባት ግን ማታ ልጁን ለብቻው ጠርቶ፣ «ዛሬ የዳንነው በጥይትህ ብቻ አይደለም። ቆይ ስልህ ስለቆየህ ነው» አለው።

ሁሉም እንዲህ አይመለስም ነበር። ጀግና ለመባል ሄደው የቀሩ ብዙ ናቸው።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። የጎሽ ላም አሥራ አንድ ወር ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ጥጃ ነው። ስለዚህ የተገደለው ቶሎ አይተካም። በ1880 ዓ.ም. ገብቶ ክፉ ቀን ያመጣው የከብት በሽታ በአፍሪካ ከብቱን ብቻ ሳይሆን ጎሹንም ፈጅቶ ነበር። ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ጎሽ የሚኖርበት ደን ግን እየጠበበ ሄዷል። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ ያስቀጣል።

እንግዲህ በጎሽ አጠገብ የምንኖር ገበሬዎች ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ብቻውን የቆመ ጎሽ ስናይ አንጠጋ፤ ዞረን እንለፍ።

ሁለተኛ፦ ጎሽ ማሳ ቢገባ በጦርና በድንጋይ አንክበበው። ካቆሰልነው ነገ ውሃ ልትቀዳ የምትወርደውን ልጃችንን የሚጠብቃት እሱ ነው። ለቀበሌና ለዱር እንስሳት ጠባቂዎች እናስታውቅ።

ሦስተኛ፦ ከብቶቻችንን ከጎሽ ጋር አናሰማራ። ጎሽ ራሱ ሳይታመም የአፍና የእግር በሽታን ተሸክሞ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ድፍረት ጥሩ ነው። ከድፍረት ጋር ቆይ ማለትን ማወቅ ደግሞ ሰውን ከነቤተሰቡ ያድናል።

ጥያቄዎች
1. አባት ልጁን «ቆይ» ያለው ለምንድን ነው?
2. የቆሰለ ጎሽ ምን ያደርጋል?
3. በአካባቢያችሁ ጎሽ ማሳ ቢገባ ምን ታደርጋላችሁ? ተወያዩበት።