ፔጆ 404 ወይስ ቪትዝ? አሮጌ ብረትና አዲስ ዋጋ በሐረር

ለረጅም ዓመታት የሐረር ታክሲ ሲባል በቅድሚያ ዓይን ላይ የሚመጣው ሰማያዊና ነጩ ፔጆ 404 ነበር። ዛሬ የከተማውን ሥራ ባብዛኛው ባጃጅ ወስዶበታል። ሆኖም ከጁገል ወጥቶ ወደ ድሬ ጠያራ ቀበሌዎች ለሚመላለስ ነጋዴ አሮጌው ፔጆ ወይስ ትንሿ ቶዮታ ቪትዝ የሚለው ጥያቄ አሁንም መልስ ይፈልጋል።

404 እ.ኤ.አ. በ1960 ገበያ የወጣ፣ ባለ 1618 ሲሲ ሞተር፣ ኋላ ጎማው የሚነዳ መኪና ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ማሸነፉ ለኮረኮንች መንገድ ያለውን ብርታት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1999 የመጣችው ቪትዝ በአንጻሩ በመነሻዋ 1 ሊትር ሞተር የያዘች፣ ክብደቷ ቶን የማይሞላ፣ ፊት ጎማዋ የሚነዳ ናት። ቤንዚን ትቆጥባለች፤ ጭነት ግን አትወድም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው የደንገጎ ቁልቁለት ነው። የቀድሞዎቹ 404 አራቱም ጎማቸው ላይ ታምቡር ፍሬን ያላቸው በመሆናቸው ፍሬን እየረገጡ መውረድ ሸራውን አግሎ ፍሬኑን ያደክመዋል። ልምድ ያለው ሾፌር ማርሽ አክብዶ በሞተር እየያዘ ይወርዳል። ኦቶማቲክ ቪትዝ የገዛም ቢሆን መሪውን ይዞ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም፤ ካምቢዮውን ዝቅ ማድረግ አለበት።

ዋጋው ላይ ስንመጣ ነገሩ ከመኪናው ጥራት ይወጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ አከበደ። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ስለዚህ የቪትዝ ገዢ ከፊሉን ገንዘብ የሚከፍለው ለመኪናዋ ሳይሆን ለእጥረቱ ነው። መልሶ ለመሸጥ ለሚያስብ ግን ይህ ራሱ ዋስትና ይሆነዋል፤ ቪትዝ የትም ከተማ ገዢ አታጣም። የ404 ገዢ ጥቂት ነው። መለዋወጫውም በአመዛኙ ከሌላ 404 ተፈትቶ የሚመጣ ነው።

ፔጆውን የመረጠ ሰው ቀለሙን ትቶ ወለሉን ይይ። 404 አውቶሞቢል ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ሸክሙን የሚችለው ቦዲው ራሱ ነው። ሞተር በማንኛውም ጋራዥ ይታደሳል፤ ዝገት የበላው ወለል ግን በላስቲክ ምንጣፍ ተሸፍኖ ይሸጣል። ከዚያ ሊብሬው ይቀርባል። በዚህ ዕድሜ ሞተሩ ያልተቀየረለት 404 ብርቅ ስለሆነ፣ በሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ሳይገጥም ቀብድ የከፈለ ነጋዴ ስም ማዛወሪያው ላይ ይቆማል፤ ደላላው ግን ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል።