ከመቅኔ ወይስ ከደም? በግማሽ ተዛማጅ ለጋሽ የሚሠራ የሉኪሚያ ንቅለ ተከላ

ግማሽ ተዛማጅ ለጋሽ የሚባለው ከታማሚው ጋር የኤች ኤል ኤ ዘረ መሎቹን እኩሌታ ብቻ የሚጋራ የቅርብ ዘመድ ነው። እነዚህ ዘረ መሎች በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ተቀራርበው ይገኛሉ፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን ከባዕድ የሚለየውም እነሱ በሚሠሯቸው ምልክቶች ነው። ልጅ አንዱን ስብስብ ከአባቱ፣ ሌላውን ከእናቱ ስለሚወርስ ወላጅ ለልጁ፣ ልጅም ለወላጁ ቢያንስ በግማሽ ይዛመዳል። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ እህትና ወንድሞች ሙሉ በሙሉ የመዛመድ ዕድላቸው ከ4 አንድ፣ በግማሽ የመዛመድ ዕድላቸው ከ2 አንድ ነው።

ሙሉ ተዛማጅ እህት ወይም ወንድም የሌለው የሉኪሚያ ታማሚ ቀድሞ ተስፋ የሚያደርገው በፈቃደኛ ለጋሾች መዝገብ ነበር። መዝገቡ ግን ሁሉንም እኩል አያገለግልም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳሳየው ዝርያቸው ከአውሮፓ የሆነ ነጮች ሙሉ ተዛማጅ የማግኘት ዕድላቸው 75 በመቶ ሲሆን የአፍሪካ አሜሪካውያን 19 በመቶ ብቻ ነበር። የአፍሪካ ሕዝቦች የዘረ መል ስብጥር እጅግ ሰፊ ነው፤ በመዝገቡ የሰፈሩት አፍሪካውያን ለጋሾች ደግሞ ጥቂት ናቸው። በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊም ከዚህ ችግር አያመልጥም። ለእንዲህ ያለው ታማሚ እናቱ፣ ልጁ ወይም ወንድሙ ለጋሽ መሆን መቻላቸው የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

አደጋው ያለው በቀሪው ግማሽ ላይ ነው። ከለጋሹ የሚመጡት ቲ ሕዋሳት የተባሉ የመከላከያ ሕዋሳት የታማሚውን አካል እንደ ባዕድ ቆጥረው ቆዳውን፣ አንጀቱንና ጉበቱን ያጠቃሉ። ሐኪሞች ጂ ቪ ኤች ዲ የሚሉት ይህ በሽታ የመጀመሪያዎቹን የግማሽ ተዛማጅ ሙከራዎች ከባድ ኪሳራ አድርሶባቸዋል። በጣሊያን የፔሩጂያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቲ ሕዋሳቱን ለይተው በማስወገድና ደም የሚሠሩትን ግንድ ሕዋሳት እጅግ አብዝተው በመስጠት ተከላው እንዲይዝ አደረጉ። የታማሚው መከላከያ እስኪያገግም ግን ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ኢንፌክሽን ብዙዎችን ይጎዳ ነበር። በቤጂንግ ደግሞ መቅኔንና ደምን በአንድ ላይ የሚሰጥ፣ ቲ ሕዋሳቱን በፀረ አካል የሚያዳክም ዘዴ ዳበረ።

ዛሬ በብዙ አገር የተስፋፋው ዘዴ በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ የተገኘው ነው። ሕዋሳቱ ከተሰጡ በኋላ በ3ኛውና በ4ኛው ቀን ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለ የቆየ የካንሰር መድኃኒት ይሰጣል። በእነዚያ ቀናት በፍጥነት የሚባዙት የታማሚውን አካል ጠላት ያደረጉት ቲ ሕዋሳት ናቸው፤ መድኃኒቱም በዋናነት የሚመታው የሚባዙትን ነው። ግንድ ሕዋሳቱ መድኃኒቱን የሚያፈርስ ኢንዛይም በብዛት ስላላቸው ይተርፋሉ። ታማሚው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብርቱ ትኩሳት ሊይዘው ይችላል። ያም ሆኖ ትኩሳቱን ለማብረድ ስቴሮይድ በተቻለ መጠን አይሰጠውም፤ ጠበኞቹ ሕዋሳት መባዛታቸውን ቢያቆሙ መድኃኒቱ አያገኛቸውምና።

የሆፕኪንስ ሐኪሞች ሲጀምሩ የተጠቀሙት መቅኔን ነበር። ለጋሹ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት በሆዱ ይተኛል። ሐኪሞቹ በግራና በቀኝ ሆነው ወፍራም መርፌ በዳሌው አጥንት የኋላ ጠርዝ ያስገባሉ። በአንድ ስበት የሚወጣው ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ከአንድ ቦታ አብዝቶ መሳብ መቅኔውን በተራ ደም ያቀጥነዋል። ስለዚህ መርፌው ቦታ እየቀያየረ ደጋግሞ ይገባል። የሚወሰደውም በለጋሹ ክብደት በየኪሎው ከ20 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይደረጋል።

ከደም መሰብሰብ የቀዶ ሕክምና ክፍል አያስፈልገውም። ለጋሹ ለ4 ወይም ለ5 ቀናት ጂ ሲ ኤስ ኤፍ የተባለ መርፌ ይወጋል፤ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ግንድ ሕዋሳቱም ከመቅኔ ወጥተው ወደ ደም ይገባሉ። ከዚያ ደሙ ከአንድ ክንዱ ወደ ማሽን ገብቶ ይሽከረከራል፤ ነጩ ክፍል ይለይና ቀሪው በሌላው ክንድ ይመለሳል። ሥራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። በዚህ መንገድ የተሰበሰበው ከረጢት ከመቅኔው የበለጠ ግንድ ሕዋስ ይይዛል። የቲ ሕዋሳቱ ብዛት ደግሞ 10 እጥፍ ገደማ ነው፤ የክርክሩም ሥር ይኸው ነው።

ቲ ሕዋስ ሁለት ሥራ አለው። የታማሚውን አካል የሚጎዳው ያው ሕዋስ ከኬሞቴራፒ የተረፈውን ሉኪሚያም አድኖ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የታተመ የግማሽ ተዛማጅ ንቅለ ተከላዎች ንጽጽር ይህንን በቁጥር አሳይቷል። ከደም የተሰጣቸው ታማሚዎች መካከለኛና ከባድ የሆነው አፋጣኝ ጂ ቪ ኤች ዲ 42 በመቶ ሲደርስባቸው ከመቅኔ የተሰጣቸው 25 በመቶ ናቸው። ሥር የሰደደው ደግሞ ከደም በተሰጣቸው 41፣ ከመቅኔ በተሰጣቸው 20 በመቶ ነው። በሌላ በኩል በሉኪሚያ ታማሚዎች ዘንድ በሽታው ይበልጥ ያገረሸው ከመቅኔ በተሰጣቸው ላይ ነው። በ2 ዓመት በሕይወት የቆዩት ከደም ከተሰጣቸው 57፣ ከመቅኔ ከተሰጣቸው 54 በመቶ ነበሩ፤ ይህ ልዩነት ሊባል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአውሮፓ በ451 የአጣዳፊ ሉኪሚያ ታማሚዎች ላይ የተደረገው ንጽጽርም በሕይወት በመቆየት ረገድ ልዩነት አላገኘም። ሁለቱም ጥናቶች ያለፈ መዝገብ አገላብጠው የተሠሩ እንጂ ታማሚዎችን በዕጣ የመደቡ አይደሉም።

ዕድሜ እኩል ሆነ ማለት ኑሮው እኩል ነው ማለት አይደለም። ሥር የሰደደ ጂ ቪ ኤች ዲ ዓይንና አፍን ያደርቃል፣ ቆዳን ያጠነክራል፣ ሳንባን ያጠብባል፤ ታማሚውን ለዓመታት ከመድኃኒት ጋር ሊያቆራኘው ይችላል። የሕይወት ዘመኑ ገና ከፊቱ ላለ ልጅ ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም። ካንሰር ላልሆኑ የደም በሽታዎች፣ ለምሳሌ ለሲክል ሴል፣ የቲ ሕዋስ ጥቃት አንዳች ጥቅም ስለሌለው መቅኔ ይመረጣል።

የለጋሹም ሁኔታ ይታያል። የልብ ሕመም ያለባትን እናት ማደንዘዣ ስለሚያሰጋት ከደም መሰብሰብ ይሻላል። ትንሽ ልጅ ለትልቅ ሰው ሲለግስ በቂ መቅኔ ላይገኝ ይችላል። የለጋሹና የታማሚው የደም ዓይነት ካልተስማማ ደግሞ መቅኔ ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚይዝ ከመሰጠቱ በፊት መጣራት ይኖርበታል።

ስለዚህ ሉኪሚያው በመጀመሪያው ሕክምና በደንብ ለጠፋለት፣ ከንቅለ ተከላው በፊት የሚሰጠውን ጠንካራ የዝግጅት ኬሞቴራፒ ለሚችል ታማሚ፣ ይልቁንም ለልጅ፣ መቅኔ የተሻለ ነው። በሽታው ሊያገረሽ የሚችልበት ዕድል ሰፊ ከሆነ ወይም በዕድሜ ምክንያት ቀለል ያለ ዝግጅት ብቻ ከተሰጠ፣ ቀሪውን ሉኪሚያ የሚያጠፋው የለጋሹ ቲ ሕዋስ ነውና ከደም የተሰበሰበው ይመረጣል።