ሸማ ተራ ጓሮ ባይኖረውም አትክልት ያበቅላል

«መርካቶ ሰው መቆሚያ አጥቷል፤ ጎመኑን የት ልትተክለው ነው?» አዲስ ከተማ ውስጥ ስለ ጓሮ አትክልት በተነሣ ቁጥር ይህ መልስ ይሰማል። የመርካቶን ሸማ ተራ የሚያውቅ ሰው መልሱን አይነቅፍም። ጋቢውና ነጠላው፣ ቡልኮውና ቀሚሱ እስከ ጣሪያ ተደራርቧል፤ በሱቆቹ መሐል የቀረችውን መተላለፊያ ደግሞ ተሸካሚና ገበያተኛ ይሻማባታል። ነገር ግን ቆስጣ፣ ሰላጣና ድንብላል 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ይበቃቸዋል፤ ቲማቲምና ቃሪያም 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ካገኙ ያፈራሉ። ይህን ያህል አፈር በቀበሌ ቤት ደጃፍ ወይም በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ማስቀመጥ አያቅትም። ብዙ ሰው ሞክሮ የሚተወው ከቦታ ጥበት ይልቅ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ በኖረ የተሳሳተ ምክር ምክንያት ነው።

ከመትከያው ዕቃ እንጀምር። እዚያው መርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ጀሪካን፣ ባልዲና በርሜል ሞልቷል። «ጀሪካን ያው ጀሪካን ነው» ብሎ የሚገዛ ግን ይሳሳታል። የምግብ ዘይት የነበረበት ቢጫው የ20 ሊትር ጀሪካን በሙቅ ውኃና በሳሙና ከታጠበ ጥሩ መትከያ ነው። አንዱን ጎኑን በቁመቱ ቆርጦ ማንሣት፣ ማስተኛት፣ በእሳት በጋለ ምስማር ከታች ስምንት አሥር ቦታ መብሳት፣ ከዚያም ቀዳዳው እንዳይደፈን ሁለት ጡብ ላይ ማስቀመጥ ነው። ፀረ ተባይ፣ ቀለም፣ የሞተር ዘይት ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ግን ምንም ቢታጠብ ለሚበላ ነገር አይሆንም። ሻጩ ምን እንደነበረበት መናገር ካልቻለ መተው ነው። «ውኃው እንዲወርድ ከሥር ጠጠር ይደረጋል» የሚለውም ልማድ አይረዳም። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም፤ ከጠጠሩ በላይ ይቆምና ሥሩን ያበሰብሳል። ውኃውን የሚያወርደው ቀዳዳው ነው፤ ጠጠሩ የአፈሩን ቦታ ብቻ ይወስዳል።

«አመድ ሁሉ ማዳበሪያ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽነቱም ያስፈራኛል። የእንጨት አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም አለው፤ በአንድ ጀሪካን አፈር ላይ ጥቂት ቆንጠር ተደርጎ ቢበተን ይጠቅማል፣ ሲበዛ ግን አፈሩን ያበላሸዋል። የከተማ አመድ ሌላ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ በእሳት ሲጋይ የስንቱ ነጋዴ ጥሪት አብሮ እንደወደመ አገር ያውቃል። እንዲህ ካለ ቃጠሎ የሚተርፈው አመድ የፕላስቲክ፣ የቀለም፣ የቆርቆሮና የኤሌክትሪክ ሽቦ ቅሪት ነው። እርሳስና ሌሎች ከባድ ብረቶች ሊኖሩበት ስለሚችሉ ጎመን ሥር መግባት የለበትም። ቆሻሻ ከሚቃጠልበት ወይም ቤት ከፈረሰበት ቦታ የሚዛቅ አፈርም፣ የቱንም ያህል ጥቁርና ለም ቢመስል፣ እንደዚያው ነው።

በዚሁ መንገድ ሰውን የሚያታልለው የወንዝ ዳር ጎመን ነው። «እንዲህ ለምልሞ እንዴት ይጎዳል?» ይባላል። በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር የሚበቅለው ቅጠል የሚለመልመው ከፍሳሹ በሚያገኘው ናይትሮጅን ነው፤ ያው ውኃ ግን የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ይዞ ይመጣል። በአዲስ አበባ ወንዞች ውኃ በለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረቶችን በተደጋጋሚ አግኝተዋል፤ እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያሉ ቅጠላ ቅጠሎች ደግሞ ብረቱን የመሰብሰብ ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ነው። «ሲቀቀል ይጠፋል» የሚለው ለተሐዋሲያን እውነት ነው፤ ክሮሚየምና ካድሚየም ግን በእሳት አይጠፉም። ሰላጣውን በሎሚ ወይም በኮምጣጤ መዘፍዘፍም የወስፋት እንቁላልን አይገድልም፤ እንቁላሉ አሲድ ይችላል። በብዙ ንጹሕ ውኃ ቅጠል በቅጠል ማጠብ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ጥሬውን የምንበላውን ሰላጣ በቧንቧ ወይም በዝናብ ውኃ ራሳችን ማብቀላችን ነው። ጤፍ ወይም አትክልት የታጠበበት ውኃ ለተክል ይሆናል፤ በረኪና የነካው ወይም ቀለም የለቀቀ ልብስ የታጠበበት ግን አይሆንም።

«ክረምት ሲገባ ሁሉም ይተከላል» የሚለው ምክር ለዛፍ ችግኝ ትክክል ነው፤ ለቲማቲም ግን ኪሳራ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ቅጠሉ ሳይደርቅ ስለሚውል፣ ቅጠሉን የሚያጠቁርና ፍሬውን የሚያበሰብስ በሽታ ይገባበታል። በአዲስ አበባ ደጋ አየር ቲማቲም በበጋ ውኃ እየጠጣ፣ ወይም በክረምት ዝናብ ከማያገኘው ጣሪያ ሥር ሆኖ ይሻለዋል። ስለ ፀሐይም ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ። በበጋ ፀሐይ ሲጠግብ የነበረ የደቡብ በረንዳ ክረምት ላይ የሚጨልመው በደመና ብቻ አይደለም። ጀሪካኑን ከግድግዳው ማራቅ ወይም ወደ ሌላው ጎን ማዞር ያስፈልጋል። ቃሪያና ቲማቲም በቀን ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይሻሉ፤ ለቆስጣ ሦስት አራት ሰዓትም ይበቃል።

ዱባ አብቦ እንቡጥ ፍሬው ሲረግፍ «ዐይን በላው» ይባላል። ዱባ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ያወጣል፤ ንብ ካልጎበኘው ሴቴዋ ፍሬ ሳትይዝ ትረግፋለች። ሱቅ በበዛበት ሰፈር ንብ ይጠፋል። ጠዋት ወንዱን አበባ ቆርጦ መሐሉን ከሴቴዋ መሐል ማነካካት ነው።

«አፕል የፈረንጅ አገር ፍሬ ነው» ለሚለው መልሱ ከሸማ ተራ ሩቅ አይደለም። ሽመና ሲነሣ ስማቸው ቀድሞ የሚጠራው የጋሞ ደጋ ሰዎች አገራቸው ጨንቻ አፕል የሚታወቅበት ምድር ነው፤ ፍሬውን ያስገቡት ሚስዮናውያን ነበሩ። ደጋነቱ አዲስ አበባንም ያስችላታል፤ ቁም ነገሩ ዝርያው ላይ ነው። አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት ብዙ ብርድ የማይጠይቁና እርስ በርስ የሚዳቀሉ ስለሆኑ ሁለቱን አብሮ መትከል ያስፈልጋል፤ ብቻውን የቆመ አፕል አብቦ ሊቀር ይችላል። አቮካዶም ከበላነው ፍሬ ዘር ብንተክለው ይበቅላል፤ ነገር ግን ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፣ ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል። የተከተበ ችግኝ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ያፈራል።

ሰፋ ያለ ግቢ ያላቸው ደግሞ ስለ አጥር ያስቡበት። «ከጥድ የተሻለ አጥር የለም» ይባላል። የፈረንጅ ጥድ ያምራል፤ ነገር ግን ሥሩ በአጠገቡ ካለው መደብ ውኃውን ይጠጣል፣ ጥላውም ይከብዳል። ቅንጭብ ነጭ ወተቱ ዐይንን ስለሚያቃጥል ልጆች ባሉበት ግቢ አልመክረውም። ጌሾ እየተከረከመ ጥሩ አጥር ይሆናል፣ ቅጠሉም ለጠላ፣ እንጨቱም ለጠጅ ይሆናል። እንዶድንም ሰው «መርዝ ነው» ብሎ ይሸሸዋል። መዋጡ በእርግጥ አደገኛ ነው፤ ነገር ግን የእናቶቻችን ነጠላ ከሳሙና በፊት የነጣው በዚሁ ፍሬ አረፋ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ፤ ፍሬው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድልም አረጋገጡ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። እንዶድ ወንድና ሴት ተክሉ የተለያየ ስለሆነ ፍሬ የሚፈልግ ሰው ከምታፈራው ተክል ግንድ ቆርጦ ይትከል። ቦታው ከልጆች እጅ የራቀው የአጥር ጥግ ነው፤ እጣቢውም ዓሣ ስለሚገድል ወደ ወንዝ አይደፋ።

ለመጀመር ግን አፕልም እንዶድም አይጠበቅም። አንድ ንጹሕ ጀሪካን፣ ብስባሽ የተቀላቀለበት አፈርና ትንሽ የቆስጣ ዘር ይግዙ። ከተዘራ በሁለት ወር ገደማ ለወጥ ይደርሳል፤ የውጭ የውጭውን ቅጠል ብቻ እየቆረጡ መሐሉን ከተዉት ለወራት ያበላዎታል።