ብዙ አንባቢ የሚገባቸው ሁለት ማንጋዎች

ማንጋ የተባለው የጃፓን የሥዕል ልብ ወለድ የልጆች መጫወቻ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የሚገባቸውን ያህል ያልተነበቡ ሁለት መጻሕፍት ግን ይህን ሐሳብ ያስለውጣሉ።

የፉሚዮ ኮኖ «የማታ ጸጥታ ከተማ፣ የቼሪ አበባ አገር» እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመ። የቢሮ ሠራተኛዋ ሚናሚ እ.ኤ.አ. በ1945 ሂሮሺማ ላይ ከወደቀው የአቶም ቦምብ ተርፋለች። ከ10 ዓመት በኋላ የሥራ ባልደረባዋ ቢወዳትም፣ ስንቱ አልቆ እርሷ መደሰቷን እንደ ኃጢአት ትቆጥረዋለች። ፍቅሩን እንደ ተቀበለች የቦምቡ ደዌ ይጥላታል፤ ትሞታለችም።

በጦርነቱ ግራ ክንዱን ያጣው ሺጌሩ ሚዙኪ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው «ሁላችንም በክብር እንሙት» ደግሞ የወታደሮች ታሪክ ነው። ከሞት ውጊያ ቢተርፉም፣ መሞታቸው ለበላይ ስለ ተነገረ ዳግመኛ እንዲሞቱ ይታዘዛሉ።

ሁለቱም ተርፎ መኖር ስለ ተከለከለ ሰው ይናገራሉ። ፋይል የሚያገላብጥ ወጣት ቢያነባቸው ይጠቀማል፤ በወረቀት የሠፈረው ቃል የሰው ነፍስ ነውና።