የኋላ ፍሬን ቫልቮላን አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይደለም

ሐጅ ዩሱፍ የኖረ ሁሉ ቦክሲ የሚባለውን፣ ከኋላው ሰው የሚጭነውን የቶዮታ ፒክአፕ ያውቀዋል። በብዙዎቹ አሮጌ ሃይሉክሶች ከኋላ አክስል በላይ፣ ሻንሲው ላይ፣ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ትንሽ ቫልቮላ አለ። በዘንግ ከአክስሉ ጋር ተያይዟል። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ዝቅ ይልና ቫልቮላው ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል፤ ባዶ ሲሆን ይቀንሳል። ምክንያቱም ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። የቀለለው የኋላ ጎማ ቀድሞ ከተቆለፈ መኪናው ይሽከረከራል።

ችግሩ የሚመጣው ባሌስትራ ሲጨመር ነው። ሻንሲው ከፍ ስለሚል፣ አሥር ሰው ተጭኖም ቫልቮላው መኪናውን እንደ ባዶ ይቆጥረዋል፤ የኋላ ፍሬን ይደክማል። አንዳንድ ሜካኒክ ይህን ሲያይ ቫልቮላውን አውጥቶ ቱቦውን በቀጥታ ያገናኛል። በጭነት ጊዜ ጥሩ ይመስላል። ማታ በዝናብ ባዶውን ሲመለስ ነው ጉዱ የሚታየው።

የሚሻለው የዘንጉን ማሰሪያ አክስሉ ላይ ሻንሲው በጨመረው ከፍታ ልክ ማንሣት ነው። ቫልቮላው ከተበላሸ ከዚያው ሞዴል፣ ፍሬኑም ተመሳሳይ ከሆነ መኪና የወጣ ይፈለግ፤ ፊቱ ዲስክ ኋላው ታምቡር ከሆነ እንደዚያው። በእጅ የሚስተካከል ዓይነትም አለ፤ የሚገጠመው በኋላው ቱቦ ላይ ብቻ ነው። ጭነትን ስለማያውቅ ለባዶ መኪና ይስተካከላል፤ ስለዚህ ሰው ለሚጭን መኪና እኔ አልመርጠውም።

የትኛውም ቢገጠም በመጀመሪያ አየሩ ከቱቦው ይውጣ። ከዚያ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ በዝግታ፣ ባዶውን ይሞከር፤ የፊት ጎማ ከኋላው ቀድሞ መቆለፍ አለበት።