የዴስክቶፕ አጋፋሪ፤ ሴሽን ማኔጀርን ከምንጩ ሠርቶ ስለ መትከል

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ሴሽን ማኔጀር የተባለውን ፕሮግራም ከምንጭ ኮዱ ሠርቶ በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ የመትከልን ሥራ በአጭሩ ማስረዳት ነው። ለምሳሌ የመረጥነው፥ ኦሊቪዬ ፉርዳን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የጀመረውን የኤክስኤፍሲኢን ዴስክቶፕ ነው።

ሴሽን ማኔጀር ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የግብር አጋፋሪን ማሰብ ይበቃል። አጋፋሪ ወጥ አይሠራም፥ ጠጅም አይቀዳም፤ ነገር ግን እንግዳውን በየተራው ያስገባል፥ ማን እንደ ገባ ያውቃል፥ በመጨረሻም ሁሉን በሥርዐት ያሰናብታል። ሴሽን ማኔጀርም ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ ሲገባ፥ አስቀድሞ መስኮቶችን የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም፥ ቀጥሎም ፓነሉንና የቀሩትን በተራ ያስነሣል። ተጠቃሚው ሊወጣ ሲል ደግሞ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ‹ሥራህን አስቀምጥ› የሚል መልእክት ይልካል። ያልተቀመጠ ጽሑፍ የያዘ ፕሮግራም ተጠቃሚውን ለመጠየቅ ፈቃድ ይለምናል፤ ተጠቃሚውም ከፈለገ መውጣቱን ይሰርዛል። ይህ የመነጋገሪያ ሕግ በ1994 ከኤክስ11 ስድስተኛ እትም ጋራ የወጣ ነው።

ተዘጋጅቶ የተጠናቀረ ፕሮግራም ሳለ ከምንጩ መሥራት ለምን ያስፈልጋል ቢባል፥ መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፥ ኮዱን የሚያነብ ተማሪ የመሣሪያውን ውስጥ ያውቃል። ሁለተኛ፥ ጉድለት ያገኘ ሰው አርሞ ሊሞክረው ይችላል፤ የፕሮግራሙ ፈቃድ የሆነው ጂፒኤልም ይህን መብት ይሰጣል።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። ሴሽን ማኔጀሩ በሌሎች ላይብረሪዎች ላይ የቆመ ስለ ሆነ፥ መጀመሪያ ሊብኤክስኤፍሲኢ4ዩቲል፥ ቀጥሎ ኤክስኤፍኮንፍ፥ ከዚያም ሊብኤክስኤፍሲኢ4ዩአይ መገኘት አለባቸው፤ ሦስተኛው ያለ ሁለተኛው፥ ሁለተኛውም ያለ አንደኛው አይሠራም። እነዚህን ከነሄደር ፋይሎቻቸው ካሟሉ በኋላ ‹ኮንፊገር› የተባለው ትእዛዝ ይሰጣል። እርሱም ኮምፒዩተሩን መርምሮ የጎደለውን በስሙ ይናገራል፤ ስለዚህ የሚጽፈውን ሳያነቡ ማለፍ አይገባም። ቀጥሎ ‹ሜክ› ይታዘዛል። ይህ በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላቦራቶሪዎች የሠራው መሣሪያ የፋይሎችን ቀን እያስተያየ የተለወጠውን ብቻ ደግሞ ያጠናቅራል። ‹ሜክ ኢንስቶል› ደግሞ የተሠራውን በየቦታው ያኖራል። የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈልገው ለዚህ ለመጨረሻው ብቻ ስለ ሆነ፥ የቀደሙትን በተራ ተጠቃሚ ስም መሥራት ይሻላል።

ይሁን እንጂ ሌላ ፕሮግራም ቢበላሽ የሚጎዳው ያ ፕሮግራም ብቻ ሲሆን፥ አጋፋሪው ከወደቀ ግን በሩ ይዘጋል፤ ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን በትክክል ጽፎ ሳለ ወደ መግቢያው ገጽ ይመለሳል። ስለዚህ ሦስት ጥንቃቄዎች ይገባሉ።

አንደኛ፥ አዲሱን በአሮጌው ላይ አለመደረብ። ‹ፕሬፊክስ› በተባለው ምርጫ ለአዲሱ የብቻው ማኅደር ይሰጠዋል። እንዲህ ሲሆን ግን የመግቢያው ፕሮግራም አዲሱን ላያየው ይችላል፤ ስለዚህ ‹ኤክስሴሽንስ› በተባለው ማኅደር ውስጥ አዲሱን የሚያስነሣ ትንሽ ፋይል በሌላ ስም ማኖር ያስፈልጋል። ያን ጊዜ አሮጌውና አዲሱ በመግቢያው ጎን ለጎን ይታያሉ።

ሁለተኛ፥ ለሙከራ ሌላ የተጠቃሚ ስም መክፈት። ኤክስኤፍሲኢ የተቀመጡ ሴሽኖችን በየተጠቃሚው ቤት፥ በ‹ካሽ› ሥር ስለሚያኖር፥ የሙከራው ጉድለት የዕለት ሥራን አይነካም።

ሦስተኛ፥ ከመጀመር በፊት ኮንትሮል፥ ኦልትና ኤፍ3 የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭኖ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራው ገጽ መከፈቱን ማረጋገጥ። ዋናው በር ቢዘጋ በዚህ ጓሮ በር ገብቶ ማስተካከል ይቻላል።

በመጨረሻም የምንጩን ማኅደር ከነቅንብሩ መጠበቅ ያሻል፤ የተተከለውን በ‹ሜክ አንኢንስቶል› ለመንቀል የሚቻለው እርሱ ሲኖር ነውና። የስርጭቱ የፕሮግራም መዝገብ በእጅ የተተከለውን አያውቀውም፤ የሚያድሰውም የሚያነሣውም የተከለው ሰው ራሱ ነው።