ከኒም ቅጠል የሚሠራው ብር እና «የብር ውሃ»

«የብር ውሃ ጀርም ይገድላል፣ ከዕፅዋት የተሠራ ስለሆነ አይጎዳም» እየተባለ ሲሸጥ እናያለን። ብር ስንል የኪሳችንን ሳይሆን የቀለበታችንን ነው። ከዕፅዋት መሠራቱ ምን ማለት እንደሆነ እንይ።

ብር ባክቴሪያ መግደሉ እውነት ነው። ዛሬም ሐኪሞች ለቃጠሎ ቁስል ብር ያለበት ቅባት ያዛሉ። የናኖ ቅንጣት መጠን ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ነው። የፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ስለሚጠጋ፣ ባለ 10 ናኖሜትር ቅንጣቶች በአንድ ፀጉር ውፍረት ላይ 8,000 ያህል ይደረደራሉ። ብሩ እንዲህ ሲደቅ ገጹ ይሰፋል፤ የብር አዮንም ቀስ በቀስ ይለቃል። አዮኑ የባክቴሪያውን ሽፋን ያበላሻል፣ ሰልፈር ካለባቸው ፕሮቲኖቹ ጋር ተጣብቆም ሥራቸውን ያስቆማል።

አሠራሩ ለተማሪ ለማስረዳት የሚመች ነው። በእ.ኤ.አ. 2004 በሕንድ ፑኔ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ በኒም ቅጠል ነበር፤ ኒም በድሬዳዋ ጎዳናዎች ጥላ የሚሆነን ዛፍ ነው። ቅጠሉ ይፈላና ይጣራል። ከዚያ ሲልቨር ናይትሬት ወደሚባል የብር ጨው ብጥብጥ ይጨመራል፤ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው በአንድ ሊትር ውሃ 0.17 ግራም ገደማ ነው። የቅጠሉ ውህዶች ለብር አዮኖቹ ኤሌክትሮን ይሰጣሉ። አዮኖቹ ወደ ብርነት ተለውጠው ይሰባሰባሉ፤ ያው የቅጠሉ ውህድ ቅንጣቶቹን ሸፍኖ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። ፈሳሹ ወደ ቢጫና ቡናማ ሲለወጥ ቅንጣቶቹ መፈጠራቸው ይታወቃል። (ሲልቨር ናይትሬት ቆዳን ያጠቁራል፣ ዓይንን ይጎዳል፤ ቤት ውስጥ አይሞከርም።)

ቅጠሉ የተካው እንግዲህ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድን የመሳሰሉ ኬሚካሎችን ነው። ብሩን አልተካም። የቀለሙ መለወጥም ስንት ያልተለወጠ የብር ጨው እንደቀረ አይነግረንም። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያ መሞቱ አንድ ነገር ነው፣ ሰው ጠጥቶ መዳኑ ሌላ። ብር ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው ቆዳው ግራጫ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ በኋላም በአብዛኛው አይለቅም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1999 ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ ኮሎይዳል ብር ያለባቸው መድኃኒቶች ደኅንነታቸውም ፈዋሽነታቸውም ተቀባይነት እንደሌለው ወስኗል።

ባክቴሪያም ብርን ሊለምድ ይችላል። በዚያው ዓመት በስዊድን ያሉ ተመራማሪዎች ከብር ማዕድን ማውጫ የተገኘ ሱዶሞናስ ስቱትዘሪ የተባለ ባክቴሪያ ብርን በአካሉ ውስጥ እንደ ክሪስታል ሲያከማች አሳይተዋል፤ ሳይሞት።

የብር ውሃ የጀመራችሁ ካላችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ብር አንዳንድ አንቲባዮቲኮችና የእንቅርት መድኃኒት የሆነው ታይሮክሲን በሰውነት ውስጥ በደንብ እንዳይገቡ ሊያደርግ ይችላል።